መልስ ሲቀር፦ ማንነትን በሩቅ አገልግሎት ስለሚያረጋግጡ የፕሮግራም ላይብረሪዎች የቀረበ ሂስ

ሂስ ሊጽፍ የተነሣ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜ በእጁ የሚይዘው ልብ ወለድ ወይም የግጥም መድበል ነው። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ሰው ሊያነበው ሳይሆን ኮምፒውተር ሊፈጽመው የተጻፈ ሥራ ነው። ይኸውም የፕሮግራም ጸሐፊዎች ላይብረሪ የሚሉት ነው፤ አንድ ጸሐፊ አንድ ጊዜ አስቦ ያዘጋጀውን ኮድ ሌሎች ጸሐፊዎች እንደ ገና ሳይደክሙ በየፕሮግራማቸው እየጠሩ ይሠሩበታል። ከላይብረሪዎችም መካከል የመረጥነው አንድ ወገን ብቻ ነው። እርሱም «ይህ ሰው በእውነት እኔ ነኝ የሚለው ሰው ነውን?» ብሎ በሩቅ ያለ አገልግሎትን በኢንተርኔት የሚጠይቀው ነው።

እንዲህ ያለ ሥራ ሂስ አይገባውም የሚል ቢኖር፣ ከመጽሐፍ ይልቅ የሚገባው መሆኑን ልናስረዳው እንወዳለን። ልብ ወለድ ቢበላሽ የሚጎዳው ያነበበው ሰው ነው፤ እርሱም ቢሆን ከዋጋውና ከጊዜው በቀር ሌላ የሚያጣው ነገር የለም። ላይብረሪ ቢበላሽ ግን የሚጎዳው የላይብረሪውን ስም እንኳ ሰምቶ የማያውቅ ሰው ነው። ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠ ነጋዴ፣ የሕመሙ ታሪክ በሆስፒታል ኮምፒውተር ውስጥ የተመዘገበ በሽተኛ፣ ውጤቱ በትምህርት ቤቱ መዝገብ ያለ ተማሪ፣ እነዚህ ሁሉ አንድ የማያውቁት ጸሐፊ በአንዲት መስመር ላይ በወሰነው ውሳኔ ሥር ይኖራሉ። እንግዲህ አንባቢ የሌለው ጽሑፍ ተቺም ሊያጣ አይገባውም።

እኛ የምንለው በአጭሩ ይህ ነው። ማንነትን በሚያረጋግጥ ሥራ ላይ የሚደርስ ስሕተት ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የቤቱን ባለቤት በውጭ የሚያስቀር ነው፤ ሁለተኛው ሌባውን የሚያስገባ ነው። የመጀመሪያው ስሕተት ወዲያው ይጮኻል፤ ባለቤቱ በር ላይ ቆሞ ይጣራልና። ሁለተኛው ግን ዝም ይላል፤ ገብቶ የተቀመጠ ሌባ «ያለ አግባብ ገብቻለሁ» ብሎ አቤቱታ አያቀርብም። ስለዚህ የእንዲህ ያለ ላይብረሪ ጥራት የሚመዘነው ነገር ሁሉ በደኅና በሚሄድበት ቀን አይደለም። የሚመዘነው መልስ በሚጠፋበት ወይም መልሱ በሚያጠራጥርበት ቀን፣ ስሕተቱ እንዲጮኽ ሆኖ ተሠርቶ እንደ ሆነ ነው። ይህን ለማሳየት ሁለት የታወቁ ሥራዎችን እናቀርባለን፤ አንደኛው የዩቢኮ፣ ሁለተኛው የዱዎ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

፩. ጥያቄውና መልሱ

የይለፍ ቃል ብቻውን ደካማ ጠባቂ መሆኑ የታወቀ ነው። ሰው ቀላል ቃል ይመርጣል፤ አንዱንም ቃል በብዙ ቦታ ይሠራበታል፤ አታላይ ሲጠይቀውም አንዳንድ ጊዜ በገዛ እጁ ይሰጣል። ስለዚህ የሚያውቀውን ነገር ብቻ ሳይሆን በእጁ የያዘውን ነገር ጭምር እንዲያሳይ ይጠየቃል። ይህን ድርብ ማረጋገጫ እንለዋለን። ቃሉን የሰረቀ ሰው ዕቃውን ካልሰረቀ፣ ዕቃውንም የሰረቀ ቃሉን ካላወቀ አይገባም ማለት ነው።

በ2007 በስዊድን የተቋቋመው ዩቢኮ የሚባለው ኩባንያ ለዚህ ጉዳይ ዩቢኪ የተባለ ትንሽ መሣሪያ ይሠራል። መሣሪያው በኮምፒውተሩ የዩኤስቢ ቀዳዳ ላይ ይሰካል፤ በጣት ሲነካም ራሱን እንደ ኪቦርድ አድርጎ 44 ፊደላት ይጽፋል። የመጀመሪያዎቹ 12 ፊደላት የመሣሪያው መታወቂያ ናቸው። የቀሩት 32ቱ ኤኢኤስ በሚባለው የምሥጢር አጻጻፍ የተቆለፉ ሲሆኑ፣ በውስጣቸው የመሣሪያው ምሥጢራዊ ስምና ሁለት ቆጣሪዎች ይገኛሉ። አንዱ ቆጣሪ መሣሪያው በተሰካ ቁጥር፣ ሁለተኛው በተነካ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ አንድ ጊዜ የተጻፈው ቃል ሁለተኛ አይመጣም፤ አሮጌውን ቃል ይዞ የሚመጣ ሰው ቆጣሪው ወደ ኋላ ስለሚሆንበት ይያዛል።

ፊደላቱ 16 ብቻ ናቸው። የተመረጡበትም ምክንያት በብዙ የላቲን ኪቦርዶች ላይ በአንድ ቦታ ስለሚገኙ ነው። ነገር ግን ኪቦርዱን በአማርኛ ጽሕፈት ላይ አድርጎ መሣሪያውን የነካ ሰው 44 የላቲን ፊደላት ሳይሆን የተደባለቀ የግእዝ ፊደል ያያል፤ ቃሉም ተቀባይነት አያገኝም። ኩባንያው በፒኤችፒ ቋንቋ ያወጣው ላይብረሪ ድቮራክ በሚባለው የእንግሊዝኛ ኪቦርድ አቀማመጥ የተጻፈውን ቃል ወደ ትክክለኛው ፊደል የሚመልስ መስመር አለው፤ ለግእዝ ፊደል ግን የታሰበ ነገር የለውም። ይህ ጉድለት ነው፤ ሆኖም ከላይ በሰጠነው ሚዛን ቀላል ጉድለት ነው። ባለቤቱ በውጭ ይቀራል፤ ይጮኻል፤ ኪቦርዱን ለውጦ ይገባል።

ቃሉን የተቀበለው ፕሮግራም የመሣሪያውን የምሥጢር ቁልፍ ስለማያውቅ ራሱ ሊፈታው አይችልም። ላይብረሪው የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ቃሉን ይዞ ወደ ዩቢኮ ሰርቨር ይሄዳል፤ መልሱን ይዞ ይመለሳል። የሚመጣው መልስ «አዎን» ወይም «አይደለም» ብቻ አይደለም። «ቃሉ የተበላሸ ነው»፣ «ይህ ቃል ከዚህ በፊት ተሠርቶበታል»፣ «የጥያቄው ፊርማ ትክክል አይደለም»፣ «እንዲህ ያለ ደንበኛ አናውቅም» የሚሉም መልሶች አሉ። ከሁሉም ይልቅ ያስደሰተን «በቂ መልስ አልተገኘም» የሚለው ነው። ቆጣሪዎቹ ከአንድ በላይ በሆኑ ሰርቨሮች ስለሚመዘገቡ፣ ጥያቄ የቀረበለት ሰርቨር ከሌሎቹ ጋር ይነጋገራል፤ ጠያቂው ከመቶ ስንቱ እንዲስማሙ እንደሚፈልግ ሊወስን ይችላል። የተፈለገው ያህል ካልተገኘ ሰርቨሩ በግምት «አዎን» አይልም፤ ምስክር አልሞላልኝም ብሎ በግልጽ ይናገራል። አለማወቁን የሚናገር ዳኛ ማለት ይህ ነው።

፪. ማኅተም ያለው ደብዳቤ

በዚህ አገልግሎት ውስጥ ከሁሉ የሚመሰገነው ክፍል የመልሱ አጻጻፍ ይመስለናል። ጥያቄና መልስ የሚመላለሱበት መንገድ ረጅም ነው፤ በመካከል የቆመ አታላይ «አዎን» የሚል የሐሰት መልስ ጽፎ ሊልክ ይችላል። ይህን ለመከላከል ሰርቨሩና ደንበኛው አስቀድመው አንድ ምሥጢራዊ ቁልፍ ይካፈላሉ፤ ሰርቨሩም በመልሱ ላይ በዚያ ቁልፍ የተሰላ ፊርማ ያኖራል። ቁልፉን የማያውቅ ሰው ፊርማውን ሊያስመስለው አይችልም።

ነገር ግን ፊርማ ብቻውን አይበቃም። በመጀመሪያው የአገልግሎቱ ደንብ መልሱ የያዘው ፊርማን፣ ሰዓትንና ውሳኔን ብቻ ነበር፤ የየትኛው ጥያቄ መልስ እንደ ሆነ በውስጡ አልተጻፈም። እንግዲህ ትናንት በትክክል የተፈረመውን «አዎን» የሚለውን መልስ ቀድቶ ያስቀመጠ ሰው፣ ዛሬ ለሌላ ጥያቄ መልሶ ቢልከው ፊርማው እውነተኛ ስለ ሆነ ሊያሳስት ይችላል። የታተመ ደብዳቤ ነው፤ ለማንና ስለ ምን እንደ ተጻፈ ግን አይናገርም። በሁለተኛው ደንብ ይህ ተስተካከለ። ደንበኛው በእያንዳንዱ ጥያቄ ላይ ከዚህ በፊት ያልተሠራበት የዘፈቀደ ምልክት ይጨምራል፤ ሰርቨሩም ያንን ምልክትና የተጠየቀበትን ቃል በመልሱ ውስጥ ደግሞ ጽፎ ሁሉንም በአንድነት ይፈርምበታል። ላይብረሪው ሦስት ነገር መመርመር አለበት ማለት ነው፤ ፊርማው ትክክል መሆኑን፣ ቃሉ የላከው ቃል መሆኑን፣ ምልክቱም የዛሬው ምልክት መሆኑን።

እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር እንዲያስተውል እንፈልጋለን። ከሦስቱ ምርመራዎች አንዱን ወይም ሦስቱንም ያልሠራ ላይብረሪ በተራ ቀን ከሠራው ላይብረሪ ጋር አንድ ሆኖ ይታያል። እውነተኛው ባለቤት ይገባል፤ የተበላሸ ቃል የያዘው ይመለሳል፤ ፈታኙም ደስ ብሎት ይሄዳል። ልዩነቱ የሚታየው አታላይ በመጣ ቀን ብቻ ነው፤ ያን ቀን ደግሞ የሚመለከት ሰው የለም።

፫. አንድ ቁጥር፣ ብዙ ትርጉም

ዩቢኮ በሲ ቋንቋ ያወጣው ላይብረሪ አጭርና ጥርት ያለ ሥራ ነው። አንድ ፕሮግራም ጸሐፊ ዝርዝሩን ሳያውቅ በአንዲት ጥሪ ብቻ ቃሉን ሊያስመረምር ይችላል። ከላይ የዘረዘርናቸውን ምርመራዎችም ያውቃቸዋል። ሆኖም ሁለት ነቀፌታዎች አሉን።

አንደኛው ስለ ፊርማው ነው። ላይብረሪው ምሥጢራዊው ቁልፍ ካልተሰጠው የመልሱን ፊርማ አይመረምርም። ቁልፍ የሌለው ፊርማን ሊያመሳክር አይችልምና ነገሩ በራሱ ትክክል ነው። የምንነቅፈው ግን ያለ ቁልፍ የተጠራው ጥሪና ከቁልፍ ጋር የተጠራው ጥሪ አንድ ዓይነት «ደኅና ነው» ይዘው መመለሳቸውን ነው። መንገዱ ራሱ በሌላ ጥበቃ የተሸፈነ ሊሆን ይችላል፤ ቢሆንም የተመረመረውና ያልተመረመረው ምስክርነት በአንድ ቃል ሊጠሩ አይገባም። ፍርድ ቤት ቀርቦ የማለውን ምስክርና በመንገድ ያወራውን ሰው አንድ አድርጎ የሚጽፍ ጸሐፊ የለም።

ሁለተኛው ነቀፌታችን የከበደ ነው። ላይብረሪው ውሳኔውን የሚመልሰው በአንድ ቁጥር ነው። ዜሮ ማለት ደኅና ነው፤ ከዚያ የሚከተሉት ትንንሽ ቁጥሮች ሰርቨሩ የሰጣቸው መልሶች ናቸው፤ ከ100 ጀምሮ ያሉት ደግሞ በላይብረሪው በራሱ ላይ የደረሱ ዕክሎች ናቸው፤ ማስታወሻ ቦታ አለመብቃቱ፣ መልሱ አለመነበቡ፣ መሥመሩ አለመገናኘቱ። እንግዲህ «ይህ ሰው ሐሰተኛ ነው» የሚለው ፍርድና «ሰርቨሩን አላገኘሁትም» የሚለው ዕክል በአንድ ረድፍ ተቀምጠዋል።

የዚህን ጉዳት በሁለት ምሳሌ እናሳይ። በሲ ቋንቋ ዜሮ እንደ ሐሰት ይቆጠራል። ስለዚህ አንድ ጀማሪ «መልሱ እውነት ከሆነ አስገባ» ብሎ በቀጥታ ቢጽፍ ነገሩ ይገለበጣል፤ ባለቤቱ ይከለከላል፣ ሐሰተኛው ይገባል። ይህ እጅግ አስቀያሚ ስሕተት ይመስላል፤ ነገር ግን በመጀመሪያው ሙከራ ባለቤቱ ስለሚከለከል ጸሐፊው በአምስት ደቂቃ ውስጥ ያገኘዋል። ስሕተቱ ይጮኻል ያልነው ይህን ነው።

ሁለተኛው ጀማሪ ደግሞ «መልሱ ‹ቃሉ የተበላሸ ነው› ወይም ‹ከዚህ በፊት ተሠርቶበታል› ከሆነ ከልክል፤ አለዚያ አስገባ» ብሎ ይጽፋል። ይህ ሲነበብ ምክንያታዊ ይመስላል። ሲፈተንም ያልፋል፤ ባለቤቱ ይገባል፣ የተበላሸው ቃል ይመለሳል፣ አሮጌው ቃል ይመለሳል። ነገር ግን የኢንተርኔት መሥመሩ የተቋረጠ ዕለት ማንም ሰው ማንኛውንም ፊደል ጽፎ ይገባል፤ ከ100 በላይ ያሉት ቁጥሮች ሁሉ «አለዚያ» በሚለው ቃል ውስጥ ተጠቅልለዋልና። ይህ ስሕተት ለዓመታት ዝም ብሎ ሊቀመጥ ይችላል። ጥፋቱ የጀማሪው ነው ማለት ይቻላል፤ እኛ ግን የላይብረሪውም ድርሻ አለበት እንላለን። ተቀብያለሁ፣ አልቀበልም፣ አላወቅሁም የሚሉት ሦስቱ ነገሮች በዓይነት ተለያይተው ቢመለሱ ኖሮ፣ ጀማሪው ሦስተኛውን ሳያስብ ሊያልፈው ባልቻለ ነበር።

፬. የከርል ምሳሌ

ይህን የምንለው በግምት ብቻ አይደለም። በላይብረሪ አጻጻፍና በዝምተኛ ስሕተት መካከል ያለው ዝምድና በ2012 በሚገባ ተመርምሯል። በዚያ ዓመት በኦስቲን የሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲና የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች «በዓለም ላይ ከሁሉ ይልቅ አደገኛው ኮድ» የሚል ርእስ ያለው ጥናት አቀረቡ። የመረመሩት ፕሮግራሞች ከሰርቨር ጋር ሲገናኙ ያ ሰርቨር በእርግጥ የተባለው ሰርቨር መሆኑን ይመረምሩ እንደ ሆነ ነው።

ካገኟቸው ነገሮች አንዱ ከርል የሚባለውን ላይብረሪ ይመለከታል፤ የዩቢኮ የሲ ላይብረሪም መልእክቱን የሚልከው በዚሁ በከርል ስለ ሆነ ነገሩ ለእኛ ጉዳይ ቅርብ ነው። በከርል ውስጥ የሰርቨሩ ስም እንዲመረመር የሚያዝዝ አንድ ምርጫ አለ፤ ዋጋውም በዚያን ጊዜ 0፣ 1 ወይም 2 ነበር። ዜሮ «አትመርምር» ማለት ነው። ሁለት «ስሙ ከምስክር ወረቀቱ ጋር መስማማቱን መርምር» ማለት ነው። አንድ ግን «በምስክር ወረቀቱ ላይ አንድ ስም መኖሩን ብቻ እይ» ማለት ነበር፤ የማንም ስም ቢሆን ያልፋል። ላይብረሪው ራሱ አስቀድሞ ያስቀመጠው ዋጋ ትክክለኛው 2 ነበር።

አማዞን ለገንዘብ መክፈያ አገልግሎቱ በፒኤችፒ ያወጣው ላይብረሪ ጥበቃውን ለማጥበቅ ፈልጎ በዚህ ምርጫ ላይ «እውነት» የሚለውን ዋጋ አኖረ። «እውነት» ደግሞ ወደ ቁጥር ሲለወጥ 1 ይሆናል። እንግዲህ ምንም ባይነካው ኖሮ የተጠበቀ የነበረውን በር፣ ለመቆለፍ ሲል ከፈተው። ይህ ሁሉ ሲሆን አንድም የስሕተት መልእክት አልወጣም፤ ደንበኛው ከፈለ፣ ነጋዴው ተቀበለ፣ ሁሉም በደኅና ዋለ። በዚያው በ2012 መጨረሻ ከርል ደንቡን ለውጦ 1 ሲሰጠው ስሕተት ነው ብሎ እንዲመልስ ተደረገ። የእርማቱን መንፈስ እንወድደዋለን፤ ዝምተኛውን ስሕተት ጩኸት ሰጠው።

፭. ዝምታ ምን ማለት ነው?

እስካሁን የተናገርነው ስለሚያጠራጥር መልስ ነው። አሁን ፈጽሞ ስለማይመጣው መልስ እንናገር። አገልግሎቱ ተጠይቆ ዝም ቢል ፕሮግራሙ ምን ያድርግ? ባለቤት ሊሆን ይችላልና ያስገባውን? ሌባ ሊሆን ይችላልና ይከልክለውን?

ዱዎ በአሜሪካ በሚሺጋን ግዛት በአን አርበር ከተማ የተቋቋመ፣ በ2018ም በሲስኮ የተገዛ የድርብ ማረጋገጫ አገልግሎት ነው። ማንኛውም ሰው አገልግሎቱን ከገዛ ፕሮግራሙ የሚጠራባቸው ላይብረሪዎች አሉት፤ እንዲሁም በዩኒክስና በዊንዶውስ መግቢያ ላይ የሚቆሙ የተዘጋጁ ፕሮግራሞችን ያወጣል። በዩኒክሱ ፕሮግራም ውስጥ ከላይ ያነሣነውን ጥያቄ የሚመልስ ምርጫ አለ። ከሁለቱ ዋጋዎች አንዱ «ሴፍ»፣ ሁለተኛው «ሴኩር» ይባላል። አንባቢዎቻችን ከእነዚህ በሩን የሚከፍተው የትኛው እንደ ሆነ ሊገምቱ ይችላሉን? ሁለቱም ቃላት በእንግሊዝኛ ደኅንነትንና መጠበቅን የሚያመለክቱ መልካም ቃላት ናቸው። የሚከፍተው «ሴፍ» ነው፤ ሰው ካልለወጠው በቀር የሚሠራበትም እርሱ ነው።

ሂስ ስለ ቃላት አመራረጥ ሊናገር ይገባዋልና እዚህ ላይ ቆም እንላለን። በሩ ክፍት ይቀራል የሚለውን ውሳኔ «ደኅና» ብሎ መሰየም ቃሉን ከትርጉሙ ማፋታት ነው። ደኅናነቱ ለማን ነው? በውጭ እንዳይቀር ለሚፈራው የሲስተም አስተዳዳሪ ደኅና ሊሆን ይችላል፤ መዝገቡ በውስጥ ላለው ሰው ግን አይደለም። ለሰው ፕሮግራም በሚቀርበው አዲሱ የዱዎ ላይብረሪ ምሳሌ ውስጥ ግን ቃላቱ «ክፍት» እና «ዝግ» ሆነው፣ በምሳሌው ላይም የተጻፈው «ዝግ» ሆኖ እናገኛለን። ይህ ትልቅ መሻሻል ነው። ነገሩን በስሙ መጥራት የጥበቃ ሥራ አንዱ ክፍል ነው።

የዝምታው አደጋ በተግባር የታየው በ2021 ነው። የአሜሪካ ኤፍቢአይና ሲሳ የተባለው የሳይበር ጥበቃ መሥሪያ ቤት ማርች 15 ቀን 2022 ባወጡት ማስጠንቀቂያ እንደ ገለጡት፣ በሩሲያ መንግሥት የሚደገፉ ሰርጎ ገቦች ከሜይ 2021 ጀምሮ ወደ አንድ መንግሥታዊ ያልሆነ ድርጅት ኮምፒውተሮች ገቡ። በመጀመሪያ ደካማ የይለፍ ቃል ያለውን አንድ የተረሳ ሒሳብ በግምት ብዛት ከፈቱት። ሒሳቡ ለረጅም ጊዜ ስላልተሠራበት ከዱዎ መዝገብ ወጥቶ ነበር፤ ከድርጅቱ መዝገብ ግን አልተሰረዘም ነበርና የራሳቸውን መሣሪያ በስሙ አስመዘገቡ። ቀጥሎ በዊንዶውስ የማተሚያ አገልግሎት ላይ በተገኘው ፕሪንት ናይትሜር በሚባለው ጉድለት የአስተዳዳሪ ሥልጣን ያዙ። ከዚያም በኮምፒውተሩ ውስጥ ስሞችን ከአድራሻ ጋር በሚያገናኘው ትንሽ ፋይል ላይ፣ የዱዎ ሰርቨር የሚገኘው በዚሁ በራሱ ኮምፒውተር ውስጥ ነው ብለው ጻፉ።

ውጤቱ ምን ሆነ? ፕሮግራሙ ሰርቨሩን ሊጠይቅ ሲነሣ ራሱን ጠየቀ፤ ከራሱም መልስ አላገኘም። መልስ ሲያጣ እንዲከፍት ተደርጎ የተሠራ ስለ ነበር ከፈተ። ምሥጢራዊ አጻጻፉን የሰበረ ሰው የለም፤ ፊርማ ያስመሰለም የለም። በአንዲት መስመር ጽሕፈት አገልግሎቱን ዝም አሰኙት፤ ዝምታውም እንደ «አዎን» ተቆጠረ። በሌላም በኩል፣ ያ ምርጫ «ዝግ» ሆኖ ቢሆን ኖሮ ፋይሉ በተለወጠባት ደቂቃ የድርጅቱ ሠራተኞች በዚያ ኮምፒውተር መግባት ባቃታቸው ነበር። ይኸው ክፉ ሥራ በራሱ ላይ ይጮኽ ነበር ማለት ነው።

፮. የተቃራኒው ወገን ክርክር

ክፍቱን ምርጫ የሚደግፉ ሰዎች የሚሉት ከንቱ ነገር አይደለም፤ ልንሰማቸው ይገባናል። በሌሊት ሐኪም የበሽተኛውን መዝገብ ሲፈልግ በሌላ አገር ያለ ሰርቨር ስለ ተበላሸ ሊከለከል አይገባም ይላሉ። የራሱን ሰርቨር ሊያድን የተነሣ አስተዳዳሪ በራሱ ጠባቂ ሊታገድ አይገባም ይላሉ። አገልግሎቱ ባለቀበት ሁሉ ሥራ ከቆመ ሰዎች ተማረው ድርብ ማረጋገጫውን ጨርሰው ይነቅሉታል ይላሉ።

በአገራችን ይህ ክርክር የበለጠ ክብደት አለው። ከጁን 30 ቀን 2020 ጀምሮ በኢትዮጵያ የኢንተርኔት አገልግሎት ለሦስት ሳምንት ያህል ተቋርጦ ነበር። በዚያን ጊዜ ማንነትን በውጭ አገር ሰርቨር ብቻ የሚያረጋግጥ መሥሪያ ቤት ቢኖር፣ በ«ዝግ» ምርጫ ሥራው ለሦስት ሳምንት ይቆማል፤ በ«ክፍት» ምርጫ ደግሞ ለሦስት ሳምንት በይለፍ ቃል ብቻ እየሠራ ድርብ ጥበቃ ያለው ይመስለዋል። የመጀመሪያው ከባድ ነው። ሁለተኛው ግን ከባድ መሆኑ እንኳ አይታወቅም።

የእኛ መልስ ጥያቄው ከሁለት አንዱን ምረጥ መባል አልነበረበትም የሚል ነው። ሰርቨሩ በሌለበትም ማንነት ሊረጋገጥ የሚችልባቸው መንገዶች ከተገኙ ቆይተዋል። በ2005 የወጣው በቆጣሪ የሚሠራው የአንድ ጊዜ ቃል ደንብና በ2011 የወጣው በሰዓት የሚሠራው ደንብ፣ ሁለቱም የውጭ ሰርቨር አይፈልጉም። በኋለኛው ደንብ የሰውዬው ስልክና የመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር አንድ ምሥጢር ይካፈላሉ፤ ብዙውን ጊዜ በየ30 ሰከንዱ የሚለወጥ ቁጥርም ሁለቱም በየራሳቸው ያሰላሉ። በ2019 የጸደቀው ዌብኦተን የሚባለው ደንብ ደግሞ ከዚህ ይሻላል፤ መሣሪያው በራሱ ቁልፍ ይፈርማል፣ የሚገባበትም ድርጅት ራሱ ፊርማውን ያመሳክራል፤ በመካከል የሚጠየቅ ሦስተኛ ወገን የለም። ከእነዚህም ሌላ በወረቀት ታትመው በካዝና የተቆለፉ፣ አንድ ጊዜ ብቻ የሚሠሩ የችግር ጊዜ ቁጥሮች አሉ። እንግዲህ ለሐኪሙ የምንሰጠው የተከፈተ በር ሳይሆን ሁለተኛ ቁልፍ ነው።

ከዚህም ሁሉ በኋላ በሩ ክፍት ይሁንልኝ የሚል ድርጅት ቢኖር መብቱ ነው፤ ንብረቱ የራሱ ነውና። ነገር ግን ይህን ራሱ ሊናገረው ይገባዋል። ላይብረሪው ስለ ዝምታ ምንም አስቀድሞ ሊወስንለት አይገባም፤ ይልቁንም «መልስ ቢቀር ምን ላድርግ?» ብሎ ይጠይቀው፤ መልስ እስኪሰጠውም ድረስ ሥራ አይጀምር። ክፍቱን ከመረጠም በዝምታ ሳይረጋገጥ የገባ ሰው ሁሉ በመዝገብ ይጻፍ፤ ለኃላፊውም ወዲያው ይነገረው። እንዲህ ከተደረገ ክፍቱም በር ቢሆን ድምፅ ያለው በር ይሆናል።

፯. ፍርዳችን

ሁለቱን ሥራዎች ስናስተያይ፣ የዩቢኮ አገልግሎት በመልሱ አጻጻፍ የተዋጣለት ነው እንላለን። አለማወቁን ይናገራል፤ መልሱን ከጥያቄው ጋር ያስራል፤ ላይብረሪው ግን ይህን ሁሉ ጥንቃቄ በአንድ ቁጥር ውስጥ አጥብቦ ለሚጠራው ሰው ሲያቀብል ከጥንቃቄው ብዙውን ያፈስሰዋል። ዱዎ ደግሞ ለሚጠቀምበት ሰው በጣም የሚመች ሥራ ነው፤ ነገር ግን አስቀድሞ በወሰነው ምርጫና ለምርጫው በሰጠው ስም ዝምተኛውን ስሕተት ሲያስተናግድ ቆይቷል። በአዲሱ ላይብረሪ ምሳሌ ላይ ያየነው የስም ለውጥ ይህን የተረዳ ሰው በውስጡ እንዳለ ያመለክታል።

ከጓደኞቻችን መካከል ብዙዎች ነገ በባንክ፣ በሆስፒታልና በመንግሥት መሥሪያ ቤት ተቀጥረው እንዲህ ያሉትን ላይብረሪዎች ይጠራሉ፤ አንዳንዶቹም ይጽፋሉ። ለእነርሱ የምናቀርበው ምክር በግማሽ ቀን የሚፈጸም ነው። ላይብረሪውን ከመቀበላችሁ በፊት ትክክለኛ ቃል በመስጠት ብቻ አትፈትኑት። የኢንተርኔቱን ገመድ ነቅላችሁ ግቡ። የሰርቨሩን ስም ወደ ራሳችሁ ኮምፒውተር አዙራችሁ ግቡ። ትናንት የተቀዳውን መልስ መልሳችሁ ልካችሁ ግቡ። ከሦስቱ በአንዱ እንኳ ከገባችሁ ሥራችሁን አቁማችሁ «መልስ ሲቀር» የሚለውን ምዕራፍ ፈልጉ፤ ከሌለም እናንተ ጻፉት።